ልጅ በመዋኛ ገንዳ ሲጎዳ ማን ይጠየቃል? በየትኛውስ መንገድ? የንጽጽር መመሪያ

ልጅ ሲሰጥም አይጮኽም። አፉ ከውኃው በላይ ብቅ ቢል እንኳ ትንፋሽ ለመሳብ አይበቃውም፤ እጁንም ለጥሪ አያነሣም፣ ውኃውን ወደ ታች ይጫናል እንጂ። አሥር አዋቂ ዳር ዳር በተቀመጠበት ገንዳ አንድ ሕፃን ማንም ሳያየው የሚሰምጠው ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ሌላው እያየው ነው ብሎ ያምናል። ኦክስጅን ያጣ አንጎል ደግሞ ሳይጎዳ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 300,000 የሚሆኑ ሰዎች በመስጠም እንደሞቱ፣ ከእነዚህም ሩብ የሚጠጉት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንደሆኑ ገምቷል። ወንዙም፣ ሐይቁም፣ ጉድጓዱም በዚህ ቁጥር ውስጥ አሉ። መዋኛ ገንዳ ግን ከሁሉም የሚለይበት ነገር አለው፦ ሰው የሠራው፣ ሰው የሚሞላው፣ ሰው ሊቆልፈው የሚችል ውኃ ነው። ስለዚህም ተጠያቂ አለው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት አደጋው ከደረሰ በኋላ በወላጅ ፊት ለሚደቀኑት ሁለት ምርጫዎች ነው። የመጀመሪያው ማንን እንጠይቅ የሚለው ነው፤ የቤቱን ባለቤት፣ ሆቴሉን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ነፍስ አድን ሠራተኛውን፣ ወይስ ዕቃውን የሠራውን ፋብሪካ? ሁለተኛው በየትኛው መንገድ የሚለው ነው፤ ከኢንሹራንስ ጋር በድርድር፣ በፍትሐ ብሔር ክስ፣ ወይስ በወንጀል አቤቱታ? ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ ምሳሌዎቹን ከተለያየ ቦታ አመጣለሁ። በሁሉም ዘንድ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ ግን አለ፤ ምርጫውም ከእርሱ መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ፦ ልጁና ውኃው እንዳይገናኙ ማድረግ በማን እጅ ነበር? ሐዘንና ንዴት ብዙ ጊዜ ዓይናችን ፊት ወደቆመው ሰው ይመሩናል፣ ነፍስ አድን ሠራተኛው ወይም ልጁን ይዞ የሄደው ዘመድ ላይ ያደርሱናል። ቁልፉ በማን እጅ ነበር ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙም አይስትም።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የፈረንሳይ ሰበር ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1941 አንድ የተሰረቀ መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ይጠየቅ ወይስ አይጠየቅ የሚለውን ሲወስን፣ ለአንድ ነገር ተጠያቂ የሚሆነው በስሙ የተመዘገበለት ሰው ሳይሆን በነገሩ የሚጠቀመው፣ የሚመራውና የሚቆጣጠረው ሰው ነው አለ። ወደ ገንዳ ሲመጣ ነገሩ ግልጽ ነው። ቤቱን ከነገንዳው ተከራይቶ የሚኖር ሰው በየዕለቱ በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው እርሱ ነው። አጥሩን መለወጥ የሚችለው ግን አከራዩ ሊሆን ይችላል። አንዱን መርጦ ሌላውን መተው ከመጀመሪያው ቀን የሚደረግ ስሕተት ነው፤ የኪራይ ውሉ ተነብቦ ማን ምን በእጁ እንደነበረ እስኪለይ ድረስ ሁለቱም በዝርዝሩ ውስጥ ይቆዩ።

ከሁሉ በፊት ማስረጃው

ማንን እንጠይቅ የሚለው ሊያድር ይችላል፤ ማስረጃ ግን አያድርም። የደኅንነት ካሜራ ምስል በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ በራሱ ላይ እየተቀዳ ይጠፋል። የነፍስ አድን ሠራተኞች የፈረቃ ሰሌዳ ከግድግዳው ወርዶ በአዲስ ይተካል። ከሁሉ ፈጥኖ የሚለወጠው ደግሞ በሩ ነው።

የአንድን ገንዳ በር ጠጋ ብለው ይመልከቱት። በራሱ እንዲዘጋ የሚያደርገው ሞላ ላልቷል፤ በሩ ተለቅቆ ሲመለስ መቀርቀሪያው ጋ ለመድረስ ሁለት ጣት ሲቀረው ይቆማል። በእጅ ካልተገፋ አይያዝም። ከሥሩ ወለሉ ላይ በግማሽ ክብ የተጫረ ነጭ መስመር አለ፣ በሩ ወደ ታች ስላዘመመ በተከፈተ ቁጥር ሲሚንቶውን ሲጭር የኖረበት። አጠገቡ የፕላስቲክ ወንበር ቆሟል፤ የአንድ እግሩ ጫፍ በሩ በሚነካበት ልክ ተልጧል፤ ሰው ሲበዛ በሩን ከፍቶ ለማቆየት ሲደገፍ የኖረው እርሱ ነው። ይህ ጭረት በአንድ ቀን የሚወጣ አይደለም። በሩ ለወራት እንዲህ እንደነበረ፣ ባለቤቱም በየቀኑ ያልፍበት እንደነበረ ከየትኛውም ምስክር በላይ ይናገራል። በማግስቱ ጠጋኝ መጥቶ ሞላውን ከቀየረና ወለሉን ከለሰነው ግን ምስክሩ ጠፋ ማለት ነው።

በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች የማስረጃ ደንብ ቁጥር 407 እንደሚለው፣ ተከሳሹ ከአደጋው በኋላ ያደረገው ጥገና ቀድሞ ቸልተኛ እንደነበረ ለማስረዳት አይቀርብም። ሐሳቡ ሰዎች ክስ ፈርተው አደገኛ ነገር ሳይጠግኑ እንዳይተዉ ነው፤ ተገቢ ሐሳብም ነው። ለወላጅ ያለው ትርጉም ግን አንድ ነው፦ «አሁን ጠግነውታል» ማለት ላይጠቅም ይችላል፤ የሚጠቅመው ከመጠገኑ በፊት የነበረው ፎቶ ነው። አንድ የሚታመን ዘመድ በዚያው ቀን ይሂድ። በሩን ሲከፈትና ሲዘጋ በቪዲዮ ይቅረጽ፣ የአጥሩን ቁመት በሜትር ይለካ፣ በዘንጎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይለካ፣ አጥሩ ሥር እንደ መሰላል የሚያገለግል የአበባ ሳጥን ወይም የማጣሪያ ማሽን ካለ ያንሣ፣ የገንዳው ወለል ከዳር ይታይ እንደሆነም ያንሣ። ውኃው ደፍርሶ ወለሉ ካልታየ የሰመጠ ልጅም አይታይም፤ ይህ ማስረጃ ደግሞ ውኃው በተጣራ በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል። ከዚያ ለገንዳው ኃላፊ አጭር ደብዳቤ ይጻፍለት፦ የካሜራው ምስል፣ የፈረቃ ሰሌዳው፣ የውኃ ምርመራና የጥገና መዝገቡ፣ የአደጋ ሪፖርቱ እንዳይጠፋ። ደብዳቤው ቀን ይኑረው፣ መድረሱም ፊርማ ይኑረው።

የግለሰብ ቤት ገንዳ

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ የሚጠየቀው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤት፣ ጓደኛ ወይም የሥጋ ዘመድ ስለሆነ። ብዙ ቤተሰብ «በአጎቱ ላይ እንዴት ክስ እንመሠርታለን?» ብሎ እዚህ ላይ ያቆማል። የቤት ኢንሹራንስ በተለመደበት አገር ግን ካሳውን የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ አጎትዬው ሳይሆን የኢንሹራንስ ድርጅቱ ነው። ክሱ በስሙ ይሆናል፣ ገንዘቡ ከፖሊሲው ይወጣል። ዕድሜ ልኩን ነርስ የሚያስፈልገው ልጅ ካለ ይህን ሳያጣሩ መተው ልጁን መበደል ነው። ከአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ቤተሰቦችን የሚያገልሉ ፖሊሲዎች ስላሉ ግን ውሉ ይነበብ።

ሳይጠራ የገባ ልጅስ? አንድ አዋቂ ያለ ፈቃድ ሰው ግቢ ገብቶ ቢጎዳ ባለይዞታው ብዙ አይጠየቅም። ለልጅ ሕጉ ይለሰልሳል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1873 በባቡር ማዞሪያ ሰሌዳ (የባቡር ሞተር አቅጣጫ በሚቀየርበት ተሽከርካሪ መድረክ) ላይ ሲጫወት በተጎዳ ልጅ ጉዳይ ላይ፣ ልጅ ስለሆነ ሕግ የሚጠብቅበት ጥንቃቄ ከአዋቂ ይለያል፣ ድርጅቱም ልጆች እንደሚመጡ እያወቀ ማሽኑን ሳይቆልፍ መተው አልነበረበትም ከሚል ሐሳብ ተነሥቶ ለልጁ ፈረደ። ከዚያ የበቀለው መርህ ልጆችን በሚስብ አደጋ የመጠየቅ መርህ ነው። ባለቤቱ ልጆች እንደሚመጡ ያውቅ ነበር ወይ? አደጋው ለሕይወት የሚያሰጋ ነበር ወይ? ልጁ በዕድሜው አደጋውን ሊረዳ ይችል ነበር ወይ? ለመከላከል የሚወጣው ወጪና ድካም ከአደጋው ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነበር ወይ? የሦስት ዓመት ልጅ ሲሆን መልሱ አይከብድም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሲሆን ግን አንዳንድ ፍርድ ቤቶች ውኃ የሚያሰጥም መሆኑን በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ያውቃል ብለው ክሱን ዘግተዋል። በእንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1957ቱ የባለይዞታዎች ኃላፊነት ሕግ ባለይዞታው ልጆች ከአዋቂ ይልቅ ግዴለሽ እንደሚሆኑ አስቀድሞ ማሰብ አለበት ይላል፤ የ1984ቱ ሕግ ደግሞ ሳይፈቀድለት ለገባውም ጠበብ ያለ ጥበቃ ይሰጠዋል።

ባለቤቱ ጥንቃቄ አድርጓል ወይስ አላደረገም የሚለውን ለመመዘን የፈረንሳይ ሕግ ጥሩ መለኪያ ይሰጠናል። እ.ኤ.አ. ጥር 2003 የወጣው ሕግ መሬት ውስጥ የተቆፈረ የግል ገንዳ ያለው ሁሉ ከአራት አንዱን እንዲያደርግ ያስገድዳል፦ አጥር፣ ማንቂያ ደወል፣ ጠንካራ መሸፈኛ፣ ወይም ገንዳውን ሙሉ በሙሉ የሚከድን ዳስ። ይህን የጣሰ እስከ 45,000 ዩሮ ይቀጣል። ሕጉ አራቱን እኩል ያስቀምጣቸው እንጂ ለእኔ እኩል አይደሉም። ደወሉ የሚጮኸው ልጁ ውኃው ውስጥ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚሰማ ሰው ከሌለ ወይም ባትሪው ካለቀ ምንም አይደለም። መሸፈኛው የሚሠራው ሰው ሁልጊዜ ሲዘጋው ነው፤ ጠዋት ዋኝተው ለምሳ የገቡ ሰዎች ተመልሰው ሳይዘጉት ይቀራሉ። ዳሱም እንዲሁ የሰው እጅ ይፈልጋል። አጥር ግን ማንም ሳያስታውሰው የሚሠራው ብቸኛው ነው፣ በሩ በራሱ የሚዘጋ ከሆነ።

አጥርም ቢሆን ሁለት ዓይነት አለ። ግቢውን በሦስት ጎን ከቦ አራተኛው ጎን የቤቱ ግድግዳ የሆነበት አጥር የጎረቤትን ልጅ ይከለክል እንጂ የቤቱን ልጅ አይከለክልም፤ ከሳሎን በር ወጥቶ ቀጥ ብሎ ውኃው ጋ ይደርሳል። ገንዳውን ብቻውን በአራቱም ጎን የሚለየው አጥር በጥናቶች እጅግ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ የሚመክረው ቁመቱ ቢያንስ 1.2 ሜትር የሆነ፣ አራት ጎን ያለው፣ በሩ በራሱ ተዘግቶ በራሱ የሚቆለፍ አጥር ነው። በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስም እ.ኤ.አ. የ1992ቱ የመዋኛ ገንዳዎች ሕግ በሩ ሁልጊዜ እንዲዘጋ ያስገድዳል። ባለቤቱ ሕጉ ያዘዘውን ካላደረገ የማስረዳቱ ሥራ ይቀልላል፤ ያደረገውም ቢሆን የተበላሸ ከሆነ ነፃ አይወጣም። ያ የፕላስቲክ ወንበር አጥሩን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

ሆቴል፣ የጋራ መኖሪያና የስፖርት ማዕከል

እዚህ ዝምድና የለም፤ በምትኩ ወረቀት አለ። መግቢያው ላይ «ነፍስ አድን ሠራተኛ የለም፣ በራስዎ ኃላፊነት ይዋኙ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ የምዝገባ ቅጹ ላይ ደግሞ «ለሚደርሰው ጉዳት ድርጅቱ ተጠያቂ አይሆንም» የሚል ዓረፍተ ነገር በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ወላጅ ፈርሞበታል። ብዙ ሰው ፊርማውን አይቶ «በቃ፣ ፈርሜያለሁ» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። አይቁረጡ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በቸልተኝነት ለሚደርስ ሞትና የአካል ጉዳት አልጠየቅም የሚል የንግድ ድርጅት ማስታወቂያም ሆነ ውል በሕግ ዋጋ የለውም። በአሜሪካ ግዛቶቹ ተከፋፍለዋል፤ ብዙዎቹ ወላጅ ከጉዳቱ በፊት የልጁን መብት አሳልፎ መስጠት አይችልም ይላሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ይቀበሉታል። የመክሰስ መብቱ የልጁ እንጂ የወላጁ አይደለም የሚለው ሐሳብ እጅግ አሳማኝ ነው፤ ሰው የራሱ ያልሆነውን እንዴት ይለቃል?

ሰሌዳውም ቢሆን ለንባብ ለደረሰ ሰው ነው። አራት ዓመት የሞላው ልጅ አያነብም። ሰሌዳ የተሰበረ በርን፣ የደፈረሰ ውኃን፣ ጥልቀቱ ያልተጻፈበትን ዳር አይጠግንም።

ነፍስ አድን ሠራተኛ ባለበት ገንዳ ዓይን ሁሉ እርሱ ላይ ያርፋል። ወጣት ነው፣ ስልኩን ነክቷል ይባላል፣ ሁሉም ይፈርድበታል። ጥፋቱ ጥፋት ነው፤ ነገር ግን አንድን ሠራተኛ ለሁለት ገንዳ የመደበው፣ ያለ ዕረፍት ለሰዓታት ያቆመው፣ ፀሐይ ውኃው ላይ አንጸባርቃ ዓይኑን በምትጋርድበት ቦታ ያስቀመጠው ቀጣሪው ነው። በአብዛኞቹ የሕግ ሥርዓቶች ቀጣሪ ሠራተኛው በሥራ ላይ ላጠፋው ይጠየቃል፤ ካሳ መክፈል የሚችለውም እርሱ ነው። ምርጫው ሠራተኛውን ብቻ መክሰስ ወይም ድርጅቱን መክሰስ ከሆነ ድርጅቱን ይምረጡ።

ትምህርት ቤትና የዋና ትምህርት

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2000 በእንግሊዝ ኤሴክስ ውስጥ የአሥር ዓመት ተማሪ በትምህርት ሰዓት ለዋና ትምህርት ተወስዳ ውኃው ውስጥ ራሷን ስታ ተገኘች፤ ከባድ የአንጎል ጉዳት ደረሰባት። ትምህርቱን የሚሰጡት የትምህርት ቤቱ መምህራን አልነበሩም፣ ሥራውን በውል የወሰደ ሌላ አካል ነበር። የትምህርት ባለሥልጣኑ «እኛ ብቁ ተቋራጭ መርጠናል፤ ጥፋቱ የእነርሱ ነው» ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በጥቅምት 2013 ፍርድ ቤቱ፣ ትምህርት ቤት በትምህርት ሰዓት ለተማሪው ያለበት የጥበቃ ግዴታ ሥራውን ለሌላ ስለሰጠ ብቻ የሚተላለፍ ግዴታ አይደለም ሲል ወሰነ። ልጅን የሚረከብ፣ ወላጅም በእጁ ትቶ የሚሄድለት፣ የት እንደሚሄድና ከማን ጋር እንደሚሆን የሚወስን እርሱ ነውና።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ቀኖቹን አስተውሉ። ከ2000 እስከ 2013። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው ጥፋት አለ ወይስ የለም የሚለውን እንኳ አይደለም፤ የትምህርት ባለሥልጣኑ በዚህ መልክ ሊጠየቅ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን ነው። ማንን እንጠይቅ የሚለው ምርጫ ስንት ዋጋ እንዳለው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። ለወላጅ የሚሆነው ትምህርት ይህ ነው፦ ሦስት አካል ካለ፣ ትምህርት ቤቱ፣ አሠልጣኙና የገንዳው ባለቤት፣ ሦስቱም በጽሑፍ ይጠየቁ። «እኛ አይደለንም፣ እነርሱ ናቸው» የሚለውን ክርክር እርስ በርሳቸው ይጨርሱት።

የውኃ መሳቢያውና ዕቃው

ይህን ባጭሩ አልፈዋለሁ፤ ብርቅ ቢሆንም ሲደርስ ግን አሰቃቂ ስለሆነ አልተወውም። ገንዳ ሥር ያለው የውኃ መሳቢያ ክዳኑ ከተሰበረ ወይም ጠፍጣፋ ከሆነ የልጅን አካል ወይም ፀጉር በፓምፕ ኃይል አጣብቆ ይይዛል፤ ጠንካራ አዋቂም ላያላቅቀው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 የቀድሞው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጄምስ ቤከር የልጅ ልጅ፣ የሰባት ዓመት ልጅ፣ በሙቅ ውኃ ገንዳ ውስጥ በዚህ መንገድ ሞተች። እናቷ ይህ ሌላ ልጅ ላይ እንዳይደርስ ተከራክራ በልጇ ስም የተሰየመው ሕግ በ2007 ጸደቀ፤ ከታኅሣሥ 2008 ጀምሮ በአሜሪካ ያሉ የሕዝብ ገንዳዎች ሁሉ የማያጣብቅ ክዳን እንዲኖራቸው ያስገድዳል። እንዲህ ያለ ጉዳት ሲደርስ ክዳኑን ማንም እንዳይጥለው ያድርጉ። በብዙ አገር ጉድለት ያለበትን ዕቃ የሠራ ፋብሪካ ቸልተኝነቱ ሳይረጋገጥም ይጠየቃል፤ የሚረጋገጠው ግን ዕቃው ሲኖር ነው።

«እናንተስ የት ነበራችሁ?»

ማንንም ቢጠይቁ መልሱ በዚህ ጥያቄ ይጀምራል። ወላጅን ከምንም በላይ የሚጎዳው ይህ ነው፤ ራሱን በሌሊት የሚጠይቀው ጥያቄም ስለሆነ። ሕጉ ግን ከልብ ጸጸት ለይቶ ያየዋል።

በመጀመሪያ፣ ሕፃኑ ራሱ አጥፍቷል መባል ይችላል ወይ? በፔንሲልቬኒያና በኢሊኖይ ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ በቸልተኝነት አይወቀስም። ፈረንሳይ ግን በ1984 በተሰጠ ውሳኔ የአምስት ዓመት ልጅ ጥፋት እንኳ ካሳውን ሊቀንስ ይችላል ብላለች፤ ለእኔ ይህ ጨካኝ ይመስለኛል። ሁለተኛ፣ የወላጅ ጥፋት በልጁ ላይ ይቆጠራል ወይ? በእንግሊዝ የሕግ ባህል የእናት ቸልተኝነት የልጇን የራሱን ካሳ አይቀንስም፤ ተከሳሹ ግን ከከፈለው ውስጥ ድርሻዋን እንድትሸፍን ሊጠይቃት ይችላል። ወላጁ በራሱ ስም በሚጠይቀው ካሳ ላይ ግን ጥፋቱ ሊቀነስበት ይችላል። ስለዚህ ክሱ ሲዘጋጅ የልጁ ካሳና የወላጁ ካሳ ተለያይተው ይጻፉ። አንድ ላይ ከተቀላቀሉ የወላጁ ድካም የልጁን ድርሻ ይበላዋል። ለፖሊስም ሆነ ለኢንሹራንስ ሠራተኛ በሐዘን ላይ ሆነው «የኔ ጥፋት ነው፣ ዞር ባልል ኖሮ» ማለት ሰብዓዊ ነው፤ ነገር ግን ያ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ሰፍሮ ከዓመታት በኋላ ይነበባል። ያዩትን ብቻ ይናገሩ፤ የጥፋቱን ድልድል ለዳኛው ይተዉት።

ድርድር፣ ክስ ወይስ የወንጀል አቤቱታ

እዚህ ምርጫው በጉዳቱ ዓይነት ይወሰናል እንጂ በንዴት መጠን አይወሰንም።

ልጁ አንሸራትቶት ጥርሱ ከተሰበረ ወይም እጁ ከተቀጨ፣ ሕክምናውም አልቆ ወጪው ከታወቀ፣ ከኢንሹራንስ ጋር መደራደር ይሻላል። ፈጣን ነው፣ ልጁን ለምስክርነት አያቆምም። ክስ የሚያስፈልገው ኃላፊነቱን ከካዱ ብቻ ነው።

ልጁ ከውኃ ወጥቶ ከተረፈ፣ ግን አንጎሉ ከተጎዳ፣ መጀመሪያ የሚቀርበውን ገንዘብ አይቀበሉ። የኢንሹራንስ ሠራተኛው ሆስፒታል ድረስ መጥቶ በሳምንታት ውስጥ የሚያቀርበው ቁጥር በዚያች ሰዓት ትልቅ ይመስላል። የሁለት ዓመት ሕፃን ይናገር ይሆን፣ ይራመድ ይሆን፣ ብቻውን ይበላ ይሆን የሚለው ግን ከዓመታት በፊት አይታወቅም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው፤ እዚህ ግን ፈርሞ የፈሰሰው ተመልሶ አይለቀምም። በእንግሊዝ የልጅን ካሳ በሚመለከት የሚደረግ ስምምነት ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም፤ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶችም ተመሳሳይ ጥበቃ አለ። ካሳው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየዓመቱ፣ ልጁ በሕይወት እስካለ ድረስ የሚከፈልበት ሥርዓት ካለም ይጠይቁ። የሕክምናና የእንክብካቤ ወጪ ልጁ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ከዛሬው ጋር አንድ አይሆንም።

ልጁ ከሞተ ነገሩ ይገለበጣል። ብዙ ሰው የማያውቀው እውነት አለ፦ በብዙ ሕጎች ለሞተ ልጅ የሚከፈለው ካሳ ከተጎዳው በጣም ያነሰ ነው። በእንግሊዝና ዌልስ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ሞት ወላጆች የሚያገኙት የሐዘን ካሳ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2020 ጀምሮ 15,120 ፓውንድ ነው። ለሁለቱም ወላጆች፣ በአንድ ላይ። ሕጉ የሚተምነው የወደፊት ወጪን ነውና የሞተ ልጅ ወጪ የለውም ብሎ ያሰላል። ይህን ሳነብ አሁንም ይከብደኛል። ስለዚህ ሞት ባለበት ጉዳይ አብዛኛው ወላጅ የሚፈልገው እውነቱን ነው፤ ማን ምን እንዳወቀና ምን እንዳላደረገ። ለዚያ የወንጀል ምርመራው ወይም የሞት ምክንያት አጣሪ ችሎት የበለጠ ያገለግላል፤ ፖሊስ ሰነድ መያዝ፣ ምስክር መጥራት ይችላል፣ ወጪውም የመንግሥት ነው። ድካሙ ደግሞ አለው። የማስረዳት ደረጃው ከፍ ያለ ነው፤ ትንሽ ጥርጣሬ ካለ ተከሳሹ በነፃ ይለቀቃል፤ አቃቤ ሕጉም የመንግሥት እንጂ የእርስዎ ጠበቃ አይደለም። በፈረንሳይ ቤተሰቡ የወንጀሉ ክስ ውስጥ ገብቶ ካሳውን እዚያው መጠየቅ ይችላል። በሌሎች ብዙ አገሮች ሁለቱ ይለያያሉ፤ የወንጀሉ ተከሳሽ በነፃ ቢለቀቅም የፍትሐ ብሔሩ ክስ መቀጠል ይችላል።

ጊዜው

የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ሰውን ከመድረክ የሚያወርደው ሳይታሰብ ነው። በእንግሊዝ ለልጅ የሦስት ዓመቱ ገደብ መቆጠር የሚጀምረው 18 ሲሞላው ስለሆነ እስከ 21 ዓመቱ ጊዜ አለው። ወላጅ በልጁ ሞት የሚያቀርበው ክስ ግን ያንን አይጠብቅም። የሕዝብ ገንዳ ከሆነ፣ ማለትም የማዘጋጃ ቤት ወይም የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሆነ፣ የተለየና አጭር ጊዜ ሊኖር ይችላል። በካሊፎርኒያ በመንግሥት አካል ላይ የአካል ጉዳት ጥያቄ በጽሑፍ የሚቀርበው በ6 ወር ውስጥ ነው፤ ተጎጂው ልጅ መሆኑ ብቻውን ይህን ሰዓት አያቆመውም፤ ዘግይቶ ለማቅረብ ፈቃድ መጠየቅ ቢቻልም እርሱም የራሱ ገደብ አለው። ስድስት ወር ብዙ ቤተሰብ ከሆስፒታል አልጋ አጠገብ ገና ያልተነሣበት ጊዜ ነው። ጠበቃ ጋ ሲቀርቡ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ካሳ እናገኛለን?» አይሁን፤ «ገንዳው በስሙ የተመዘገበው የማን ነው፣ የጊዜ ገደቡስ በየትኛው ቀን ያበቃል?» ይሁን፤ ቀኑንም በጽሑፍ ይስጥዎት።